ሐኪሟን የተጠራጠረው ዳኛ

አንድ በጡረታ የተገለለ ዳኛ ነበር፤ መንበሩ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌባና ሐሰተኛ ምስክር ሲመረምር ስለኖረ፣ ሰው ገና አፉን ሲከፍት ውሸት ይሸተዋል። ጎረቤቱ «እንደምን አደሩ?» ቢለው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» ይል ነበር።

ልጆቹ «አባባ፣ እስቲ ዓለምን ይዩ» ብለው ባሕር ማዶ ወዳለ አገር ለጉብኝት ላኩት። በሦስተኛው ቀን የአንድ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ደረጃ ሲወጣ ሆዱን በቀኝ በኩል ወጋው፤ ላብ አጠመቀው። አብረውት የነበሩት ጎብኚዎች ደግፈው ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሟ ሆዱን ጫን ጫን አድርጋ አየችና ግንባሯን ቋጠረች። የምታስተረጉምለት ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል፣ እዚያ ሃያ ዓመት የኖረች የዳኛው ያገር ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ ትርፍ አንጀት ነው። ሳይፈነዳ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል እያለች ነው» አለችው።

ዳኛው በልቡ «ገና በቅጡ ሳታየኝ ቢላዋ አነሳች» አለ። በሰው አገር ኩላሊት ይሰርቃሉ እየተባለ የሰማው ወሬ ሁሉ መጣበት።

«በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ? ትላለች።»

አለ እንጂ። ልቡን ስለሚያመው በየጠዋቱ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ይውጣል። የዛሬውንም ውጧል፤ ብልቃጡ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ነገር ግን «የልብ ሕመምተኛ መሆኔን ካወቁ በሽታ በበሽታ ላይ እየፈለጉ ከዚህ አልጋ አያስነሱኝም» ብሎ አሰበ። ችሎት ላይ እንዳየው ደግሞ በገዛ አፉ ያመነ ሁሉ ተፈርዶበታል።

«የለም» አለ።

«ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል…»

«ተረቱን ተዪኝ! የለም አልኩ።» ትርንጎንም ጠረጠራት። ሃያ ዓመት ከእነሱ ጋር የበላች፣ የእነሱ እንጂ የማን ልትሆን ነው?

ሐኪሟ ለምርመራ ደም ቀዳችና ቦታውን በጥጥ ያዘችው። ጥጡ ቀላ። ለወጠችው፤ አሁንም ቀላ። ክንዱ ላይ የበለዘ ነገር አይታ በጣቷ ዳሰሰችው። ጥያቄዋን ደገመች። «የለም» አላት። ዓይን ዓይኑን አየችውና የቀዳችውን ደም ይዛ ወጣች።

ሰዓት አለፈ። የመጣ ሰው የለም።

«አየሽ?» አላት ዳኛው ትርንጎን። «ዛሬውኑ ካልሆነ ሲሉኝ አልነበር? ጥድፊያው የታለ? ይሄኔ እየተመካከሩብኝ ነው!» ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ቻለና ሊሄድ ጫማውን ፈለገ። አንድ እግሩን እንዳጠለቀ ወለሉ ዞረበት፤ ትርንጎ ባትይዘው ወድቆ ነበር።

ሐኪሟ ወረቀት ይዛ የገባችው በዚህ መሃል ነው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ደምዎ አይረጋም። ቃልዎን አምኜ ቢላዋ አሳርፌብዎት ቢሆን ኖሮ መድማቱን ማቆም ያቅተኝ ነበር። የሚወስዱት ምንድን ነው?»

ዳኛው ወረቀቱን አየ፤ ፊደሉን አያውቀውም። ቀና ሲል ደግፋ የያዘችው ትርንጎ እያነባች ነው። «ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ!» አለችው። የሐሰት እንባ ብዙ አይቷል፤ ይህ ግን እንደዚያ አልመሰለውም። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ብልቃጡን አወጣ።

ደሙ እንዲረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ሰጡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀዶ ጥገናው ተደረገለት፤ ተረፈም።

ከሆስፒታል በሚሰናበትበት ቀን በትርንጎ በኩል ሐኪሟን «እንደዋሸሁ በምን አወቁ?» አላት።

«አላወቅሁም። ተጠራጠርኩ።»

«እንግዲያማ እኔና እርስዎ አንድ ነን!» አለ ፈገግ ብሎ።

እሷ ግን አልሳቀችም። «አይደለንም። እርስዎ ተጠራጥረው ደበቁ፤ እኔ ተጠራጥሬ መረመርኩ።»

ዳኛው «ታዲያ እኔ በሰው አገር፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለ።

«መጠየቅ ነዋ! ለምን ትቆርጡኛላችሁ፣ ሌላ ሐኪምም ይየኝ ማለት ይችሉ ነበር። እኔ አልቀየምም።»

ወዳጄ ሆይ፣ መጠራጠር ነውር አይደለም፤ በሰው አገር ለወደቀ ሰውማ ስንቁ ነው። ጠይቆ እውነቱን የሚያወጣ ጥርጣሬ ነፍስ ያድናል። አፍን የሚዘጋው ግን የሚጎዳው የተጠረጠረውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው። አንተስ ዛሬ በልብህ የከሰስከውን ሰው ፊት ለፊት ጠይቀኸዋል? ወይስ ሳትሰማው ፈርደህበታል?