ይቅደሙ የሚባባሉበት በር

አንድ ቀን በከተማችን ምክር ቤት እንዲህ ሆነላችሁ። ካሉት ሃያ አንድ ወንበሮች አስሩ የገዢው ፓርቲ ናቸው፣ አስራ አንዱን ደግሞ ሦስት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ተከፋፍለውታል። ሦስቱ ካልተባበሩ ማንም አስተዳደር ማቆም አይችልም። እንዲሁ ተፋጠው አራት ወር ከረሙ። አዲሱ ጤና ጣቢያ እንኳ ተሠርቶ አልቆ፣ ሠራተኛ የሚመድብለት አጥቶ ተቆልፏል።

የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ እቴነሽ ዘጠኝ ወር የሞላት ልጅ አለቻት፤ የኩፍኝ ክትባቷ ደርሷል። ኩፍኝ ሰፈር ገብቷል ስለተባለ ደግሞ ወለሉን ስትወለውል ቆይታ ቆይታ የልጇን ግንባር ትነካለች። ሦስቱ ፓርቲዎች የትብብር ወረቀት ፈርመው እስከ ስድስት ሰዓት ለአፈ ጉባኤው ካላስገቡ፣ ምክር ቤቱ ተበትኖ የሚገናኘው ከክረምት በኋላ ነው መባሉን ሰምታለች።

ጠዋት የፓርቲዎቹ መሪዎች አቶ ጥላዬ፣ አቶ ሙሄና አቶ ዳምጤ እኩል በሩ ላይ ደረሱ። እርስዎ ይቅደሙ፣ ኧረ በሞቴ እርስዎ፣ ታላቅ እያለማ አይሆንም ሲባባሉ፣ እቴነሽ ልጇን አዝላ ባልዲዋን እንደያዘች ከኋላቸው ግማሽ ሰዓት ቆመች። በመጨረሻ ተያይዘው ተጣበው ገቡ።

ሲቀመጡ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ወረቀቱ ላይ ባለው ሁሉ ተስማምተው፣ የማን ፊርማ ከላይ ይሁን የሚለው ላይ ቆሙ። አቶ ጥላዬ ብዙ ወንበር ያለኝ እኔ ነኝ አሉ። አቶ ሙሄ የእኛ ፓርቲ ነው ቀድሞ የተመሠረተው አሉ። አቶ ዳምጤ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታስሬበታለሁ ብለው ጠረጴዛ መቱ። በቃ ዙሪያውን በክብ እንፈርም ተባለ፤ ክቡ ከየት ይጀምር በሚለው ተጣሉ።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ልጅቷ አለቀሰች።

«አንቺ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፤ እዚህ የሕዝብ ጉዳይ ነው የያዝነው» አሏት አቶ ጥላዬ።

እቴነሽ መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈች። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንሥታ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«አባቶቼ፣ ጠዋት እዚህች ደፍ ላይ እርስዎ ይቅደሙ ስትባባሉ ግማሽ ሰዓት አቁማችሁኛል። የምትከባበሩት በር ላይ ከሆነ ምን አስቀመጣችሁ? ኑ፣ እዚሁ ቆማችሁ ፈርሙ።»

አቶ ሙሄን ሳቅ አመለጣቸው፤ ተነሥተው መጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ደፉ ላይ እንደደረሱ ያው አመላቸው ተነሣ፤ በሞቴ እርስዎ ይፈርሙ፣ ኧረ ታላቅ እያለ። እቴነሽ እስክሪብቶውን በዕድሜ ለሚበልጡት ለአቶ ዳምጤ አስጨበጠቻቸው። ሦስቱም ፈረሙ።

ለስድስት አስር ጉዳይ ነው። አቶ ጥላዬ ወረቀቱን ለአፈ ጉባኤው ሊያደርሱ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ማዘያዋን ጠበቅ አድርጋ፣ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከታ መንገድ ጀምራለች።

«ተዉት፣ እኔው አደርሰዋለሁ» አለቻቸው። «የአፈ ጉባኤውም ቢሮ በር አለው።»