ዋስ ለግራዝማች

ዓለሚቱ የባሏን የሸማኔውን መርዶ በሰማችበት ዕለት፣ እያለቀሰች ድንገት ሳቅ አመለጣት። ለቀስተኛው «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብሎ ተጨነቀ። እሷ ግን ትዝ ያላት ሟቹ ለግራዝማች ሺበሺ የመለሰው መልስ ነበር።

ግራዝማች አንድ እሑድ ሸማኔዎቹ ዕቁብ ከሚጥሉበት ደጅ በበቅሎ መጡ።

«ድሃ ገንዘብ መያዝ አያውቅም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ዕቁባችሁ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። እምቢ ያለ ከመሬቴ ይነሣ!»

የሁሉም ጎጆ በግራዝማች መሬት ላይ ነበርና ሰው ገንዘቡን ሊያስረክብ መቀነቱን ይፈታ ጀመር። ዓለሚቱ ዝም እንዲል የባሏን ጋቢ ብትጎትትም እሱ ብድግ አለ።

«መልካም ነው ጌታዬ። ብቻ በእኛ ደንብ የማኅበርተኛውን ገንዘብ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። የእርስዎ ዋስ ማን ይሁን?»

ግራዝማች ደማቸው ፈላ። «የእኔ? ስሜ አይበቃም?»

«ለማያውቅዎትማ ይበቃ ነበር ጌታዬ፤ ችግሩ እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቅዎታለን።»

የራሳቸው አሽከር ሳይቀር ሳቀ። ግራዝማችም ዋስ ሊፈልጉ እንደሄዱ አልተመለሱም።

ይህን ያነበበ ሁሉ፣ ስቆ ሲያበቃ፣ «አምላክ ነፍሱን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍለት» ይበልለት።