ደብሪቱ፣ ካሜራው እና የምንጩ ዛፍ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ሲያወራ ሰው በሚሰማበት፣ ካሜራም አፍ በነበረው ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ከመንደሯ በላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ የሚፈልቀው ከዚያ ደን ነው። አንድ ቀን እንጨት ነጋዴዎች መጡና «ይህ ጥሻ ምን ይሠራላችኋል? ሽጡልን» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሊሸጡት አሰቡ።

ደብሪቱ ተነሥታ «አባቶቼ፣ ጥሻ አይደለም። ውሃችን በእሱ ነው ያለው» አለች።

«እኛ ዳገቱን ወጥተን የምናይበት ጉልበት የለንም» አሉ የመንደሩ ዳኛ። «ፎቶ አንስተሽ አሳዪን። ነገ ጠዋት እንፈርዳለን።» ካሜራም አዋሷት። ደብሪቱ ከዚያ ቀን በፊት ካሜራ ይዛ አታውቅም።

ደኑ ጫፍ ስትደርስ የነጋዴዎቹ ምሳር ድንጋይ ላይ ይሳላል። ሽርክ፣ ሽርክ።

«ጀንበር ዘቀዘቀች፣ ደብሪቱ» አላት ምሳሩ። «ትደርሻለሽ?»

ፈጥና ገባች። አንድም ነገር እንዳይቀርባት ፈርታ ዛፉንም፣ ሐረጉንም፣ አበባውንም፣ ሰማዩንም ባንድ ላይ አነሣች።

«ምን ይታይሻል?» አላት ካሜራው።

ደብሪቱ አየችና ፊቷ ጠቆረ። «ጥሻ።»

«እኔም ያጎረስሽኝን አላውቀውም። አፌን ሞልተሽ ጣዕሙን ትጠይቂኛለሽ።»

ከቅርንጫፍ ላይ እመት ጉሬዛ ቁልቁል አየቻት። «አንቺ ሴት፣ ለቅሶ ቤት ስትገቢ ሰውን ሁሉ ባንዴ ነው የምትስሚው? መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጊ።»

ደብሪቱ ባለቤቱን ፍለጋ ሮጠች። ምንጩ አጠገብ አያ ዝግባን አገኘችው፤ የደኑ ትልቁ ዛፍ እሱ ነው። ራቅ አለችና ልክ መሃል ላይ አድርጋ አነሣችው። ፎቶውን ስታየው ግንዱ እንደ ተተከለ ችካል ቆሟል፤ ዙሪያው ነጭ ሰማይ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እንደ ተከሳሽ መሃል ላይ አቆምሽኝ» አላት ዝግባው። «ማን አጠገቤ እንዳለ፣ ማን ከእግሬ ሥር እንደሚወጣ አይታይም። ወደ ጎን አድርጊኝና ለጎረቤቶቼም ቦታ ስጫቸው።»

ሽርክ፣ ሽርክ። ድምፁ አሁን ቀረብ ብሏል።

«ፍጠኚ» አላት ካሜራው። «ባትሪዬ እያለቀ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምችለው።»

ያኔ ምሳሩ ወደ ተራራው ተጣራ። «ወዳጄ ጉም፣ ውረድና ሸፍንባት። ምንም እንዳታይ።»

ጉሙም ወረደ። ከኋላ ጉብታው ላይ ያለውን ዛፍ ዋጠ፣ ሐረጉን ዋጠ፣ ሰማዩን ዋጠ። ደብሪቱ «አለቀልኝ» ብላ ተቀመጠች።

«ከመቀመጥሽ በፊት እዪ እንጂ» አለቻት ጉሬዛ። «ምን ቀረ?»

ደብሪቱ ቀና አለች። የቀረው ዝግባው ብቻ ነው፤ ከሥሩም ውሃው እየተጠማዘዘ ወደ እሷ ይወርዳል። ሌላውን ግርግር ሁሉ ጉሙ ሸፍኖታል። ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ውሃውን ከፎቶው ጥግ አስጀመረችው፤ ዓይንን እየመራ ዛፉ እግር እንዲያደርስ። ዛፉን ወደ ጎን አደረገችው። አጠገቧ አንድ ቀይ አበባ አለ፤ እሱንም ልጨምር አለችና ተወችው። ትንፋሿን ያዘች። ተጫነች።

የካሜራው ባትሪ አለቀ። ፎቶው ይውጣ አይውጣ ሳታውቅ ወረደች።

በማግስቱ ዳኛው ቤት ካሜራውን ቻርጅ አደረጉት። ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ከሁሉ ቀድመው «ይሸጥ» ያሉት ሽማግሌ ተቀብለው አዩ።

«ውሃው የሚወጣው ከዛፉ ሥር ነው እንዴ?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ዛፉ ቢቆረጥስ?»

«ምንጩም ይደርቃል» አለች ደብሪቱ። ዳኛውም «ምንጩን የያዘው ደን አይነካም» ብለው ፈረዱ።

«ከዝግባው ጀርባ ጉብታው ላይ ያለው ዛፍስ?» አለ ነጋዴው።

«የዚያስ ፎቶ አለሽ?» አሏት ዳኛው።

«የለኝም። ጊዜ አጠረኝ።»

የጉብታው ዛፍ ተሸጠ። በጋውን ሙሉ ደብሪቱ ውሃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር የምሳሩን ድምፅ ከጀርባ ትሰማለች፤ ቀድታ ቀና ስትል ግን ዝግባው ቆሟል፤ እንስራዋም ሞልቷል።

ሁሉን ላሳይ ያለ ጥሻ ያሳያል፤ ለይቶ ያሳየ ምንጭ ያተርፋል። እኔ ያየሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለይታችሁ ያዙልኝ።