ፈላጊ አጥቶ በዋሻ የቀረው መነኩሴ

እናንተ የእመቤታችን ወዳጆች፥ ጆሯችሁንም ልባችሁንም ወዲህ አድርጉ፤ በገደል አፋፍ በተሠራ በአንድ ገዳም የሆነውን እንነግራችኋለን። በዚያ አባ ዘወልድ የሚባል መነኩሴ ነበረ፤ የእመቤታችንን ስም ከልቡ የሚወድ፥ በየማለዳው ውዳሴ ማርያም ሳይደግም ውኃ እንኳ ላይቀምስ የተሳለ ነበረ።

የገዳሙም አበ ምኔት ዐረፉና መነኮሳቱ ተሰብስበው «አባ ዘወልድ ይሾሙልን» አሉ። በዚያ ገዳም ደግሞ ለሹመት የታጨ ሰው «አይገባኝም» ብሎ ይሸሻል፤ ወንድሞችም ፈልገው፥ እያለቀሰ ጎትተው ያመጡታል፤ ልማዱ ይህ ነው። አባ ዘወልድም «እኔ ኃጥእ፥ እኔ ትቢያ!» ብሎ አለቀሰና ሸሸ፤ ነገር ግን ሹመቱን አጥብቆ ይሻ ነበርና፥ ፈላጊዎቹ እንዳይደክሙ ብሎ ከገዳሙ ሥር ባለች ዋሻ ገባ። ወንድሞች ግን ቃሉን አመኑት! «እንዲህ ካለቀሱስ አናስጨንቃቸው» ተባባሉና አባ ክፍለ ሥላሴን ሾሙ። ወይ ጉድ! እርሱ እኮ ቁጭ ብሎ ኮቴ ያዳምጣል። ከዚያም የሹመቱ ደወል ሲደወል ሰማና ልቡ በንዴት ነደደ፤ ቆቡን ጥሎ ከገዳሙ ሊጠፋ ሲነሣም ታላቅ ቋጥኝ ከገደሉ ተንዶ የዋሻውን አፍ ዘጋው።

ያን ጊዜ በፍርሃት ተንበርክኮ «እመቤቴ ሆይ፥ ክብርን የናቀ ትሑት ባሪያሽን አድኚ» እያለ ጮኸ፤ ቋጥኙም አልተነቃነቀም። እመቤታችንም በብርሃን ተገልጣ «ልጄ፥ ክብርን የናቀውን ሰው በዚህ ዋሻ ፈልጌ አጣሁት፤ አንተ ማን ነህ?» አለችው። ሊመልስ ሲል ግን «እውነትስ ማን ነኝ? ከሸሸሁ ለምን ቅርብ ተሸሸግሁ?» እያለ ራሱን መረመረና አፈረ፤ ከዚያም እያነባ «እመቤቴ፥ ሹመት የተመኘሁ፥ እንዲለምኑኝ የተሸሸግሁ፥ በወንድሜ የቀናሁ ዘወልድ ነኝ» አላት። እርሷም «እርሱንስ አውቀዋለሁ፤ በየማለዳው ይጠራኛል» አለችውና ቋጥኙን በእጇ ብትነካው ተንከባሎ ወደ ገደሉ ወረደ።

አባ ዘወልድም ወጥቶ ወደ ማኅበሩ ሄደና የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ። አባ ክፍለ ሥላሴም «ታዲያ አባቴ፥ አሁንስ ቅር ብሎዎታል?» ብሎ ጠየቀው። «ኧረ በጭራሽ!» ሊል ነበር፤ ግን ልቡን ጠየቀና «አዎ አባቴ፥ ገና ቅር ብሎኛል፤ ይጸልዩልኝ» አለ። በዚያ ገዳም እንዲህ ያለ መልስ ተሰምቶ አያውቅም ነበርና፥ መነኮሳቱ ሁሉ ተነሥተው እመቤታችንን አመሰገኑ።

እኛንም፥ ይህን የምትሰሙትንም ሁሉ፥ ለራሳችን ከምንዋሸው ውሸት ታውጣን፤ እንደ ሆንን ሆነን ስንጠራት ትስማን፤ ከልጇ መንግሥትም ታግባን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።