የጋሽ ኤርሲዶ እንሰት

አንድ ሰው ነበር። ሀብታም አይደለም፣ ድሃም አይደለም። ከሆሳዕና ግማሽ ቀን በእግር በምታስኬድ መንደር የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹም ተድረው የወጡለት ገበሬ ነው። ስም የሌለው ሰው ታሪክ አይጥማችሁምና ጋሽ ኤርሲዶ እንበለው።

ጋሽ ኤርሲዶ ኩሩ ነበር። ፊታችሁን አታጨማድዱብኝ! ኩራት በተባለ ቁጥር ኃጢአት የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። ይህ ሰው የሚያኮራ ነገር ነበረው። በጓሮው አንድ እንሰት ቆሟል። ሰው እጁን ዘርግቶ አቅፎ አይጨርሰውም። ቅጠሉ ከቤቱ ክዳን በላይ ወጥቶ ይውለበለባል። ሚስቱ ጥሩነሽ ናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ችግኙን ከእናቷ ቤት በጀርባዋ ተሸክማ አምጥታ ያስተከለችው።

ታዲያ በዚያ አገር የእንሰት በሽታ ገባ። የከተማ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ የገባበትን እንሰት ከላይ ጀምሮ ያጠወልገዋል፣ ከውስጥ ያበሰብሰዋል። እዚያ ደግሞ እንሰት ማለት ቆጮ ነው፣ ቆጮ ማለት እራት ነው። የላይ ሰፈሩ ወደቀ። የታች ሰፈሩ ወደቀ። በጋሽ ኤርሲዶም ጓሮ ሌላው ሁሉ ወደቀ። ያ አንዱ ግን አንድ ቅጠል እንኳ ሳይጠወልግበት ቆሞ ቀረ።

ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ መንገዱን አጣሞ ሊያየው ይመጣ ጀመር። ጋሽ ኤርሲዶም ዙሪያውን አጥር አጠረለት፣ ከአጥሩ ጎን በርጩማ አኖረ፣ እዚያ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል። «እጃችሁን አታሳርፉበት፣ በዓይናችሁ ብቻ!» ይላል። ሙሽራ የሚጠብቅ ሚዜ አስመሰለው እኮ!

አንድ ቀን ጎረቤቱ አያለች መጣች። አራት ልጆች አሏት፤ ጓሮዋ እንደ ተላጨ ራስ ባዶ ሆኗል። ብቻዋንም አልመጣች፤ ስለ እንሰት በአገሩ እሱን የሚያህል የማይገኘውን ሽማግሌ፣ አቶ ላምቤቦን፣ አስከትላለች።

«ጋሼ፣» አለች፣ «ለራሴ ብቻ ብዬ አይደለም። ከላይ እስከ ታች ጤነኛ እንሰት የቀረው እርስዎ ጋ ነው። ለዘር ይስጡን።»

«ቁረጠው ማለትሽ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጥሩነሽ ያስተከለችውን?»

አያለች አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ግን አልደፋም። «ኤርሲዶ፣ ዕድሜውን ቁጠረው እስቲ። አንተ ባትቆርጠው በሚመጣው ዓመት ወይ በሚቀጥለው ያብባል። ካበበ ደግሞ ይሞታል። ያኔ አንተም እጅህ ባዶ፣ እኛም እጃችን ባዶ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እግዚአብሔር ለየተክሉ የየራሱን የመብዣ መንገድ ሰጥቶታል። የዋንዛውን ፍሬ ወፍ ትበላና ሦስት መንደር አልፋ ትጥለዋለች። ጉሎው ፀሐይ ሲበረታበት ጧ ብሎ ፈንድቶ ፍሬውን ይረጨዋል። ጨጎጎት ደግሞ በቀሚሳችሁ ጠርዝ ተለጥፎ፣ ሳይጋበዝ፣ እዚህ ድረስ አብሯችሁ ይመጣል። አትዩ፣ አትዩ፣ በኋላ ታራግፉታላችሁ! እንሰትም አበባ አለው፣ ፍሬም አለው፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ግን ድንጋይ ነው። ብትዘሩት አብዛኛው አይበቅልም፤ ቢበቅልም እናቱን ላይመስል ይችላል።

ገበሬው እንዴት ያበዛዋል ታዲያ? ገና ሳያብብ በጉልበቱ ሳለ ከመሬት ልክ ይቆርጠዋል። መሬት ውስጥ የቀረው ወፍራም ሥር አሚቾ ይባላል። በአሚቾው መሃል እንሰቱ ወደ ላይ የሚያድግበት እምብርት አለ። ያን እምብርት በቢላዋ ፈልፍሎ ያወጣዋል፣ ጉድጓዱን በፍግና በአፈር ይሞላዋል። እምብርቱ ሲወጣ ነው በዙሪያው ተኝተው የነበሩት ቡቃያዎች የሚነቁት። ሠላሳ፣ አርባ፣ ስድሳም ሊሆኑ ይችላሉ። እምብርቱ ካለ ግን እነሱ አይነሱም፤ እሱ ብቻውን ተመልሶ ይወጣል።

ጋሽ ኤርሲዶ ሦስት ሳምንት አሰበ። አያለችን መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ሌላ ይታጠፋል። በመጨረሻ እሺ አለ። ምን አስባለው? ርኅራኄ ነው እንዳልላችሁ መዋሸት ይሆንብኛል። «የመንደሩ እንሰት ከኤርሲዶ ጓሮ ወጣ» ሲባል ጆሮው ውስጥ ጣፈጠው። እሱም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ ለደቦ ወጣ። ጋሽ ኤርሲዶ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ገጀራውን አንስቶ፣ ራሱ ቆረጠው። ያ ግዙፍ ነገር ሲወድቅ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እሱም አለቀሰ፣ ማልቀሱንም አልደበቀም።

ከዚያ እምብርቱ ቀረ። በዚያ መንደር እምብርቱን የሚያወጣው የእንሰቱ ባለቤት ነው። ጋሽ ኤርሲዶ ቢላዋውን ይዞ ተንበረከከ። ጀርባውን ለሰው ሰጠ። ዙሪያውን ፈለፈለ፣ ፈለፈለ፤ መሃሉ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «እነሱ ከዙሪያው ጥቂት ይበቅልላቸዋል፤ ይሄ ደግሞ ለእኔ መልሶ ይቆምልኛል» አለ በሆዱ። መሃሉን ተወው። ቶሎ ብሎ በፍግ ሸፈነው፣ ተነስቶም እጁን አራገፈ። ሰዉም እየመረቀው ሄደ።

ሰጠ አይደል? ሁሉም ሰው አይቶታል። ቆርጧል፣ አልቅሷል፣ ተመርቋል። የጎደለው አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ለአውራ ጣት ማን ይጠይቀዋል?

ሁለት ወር አለፈ። ሦስተኛው ገባ። አያለች በየሁለት ቀኑ እየመጣች አፈሩን ታያለች። አንድ ጠዋት አፈሩ ተሰነጠቀ፤ ወፍራም፣ ጤነኛ፣ የሚያምር ቡቃያ ብቅ አለ። አንድ። በማግስቱም አንድ። በሳምንቱም ያው አንድ።

መንደርተኛው «የጥሩነሽ እንሰት መካን ነው» ማለት ጀመረ። ጋሽ ኤርሲዶ ሰማ። የሚስቱ ስም በዚህ ሲነሳ ሰማ። አንድ ቃል ብትወጣው ሊያስተባብል ይችል ነበር፤ አልወጣችውም።

ከዚያ አያለች በሳህን የተቀቀለ ድንች ይዛ መጣች። እሱም እንግዲህ እንሰት የለው፤ ይርበዋል ብላ ነው። አራት ልጆች ካሉበት ቤት የወጣ ድንች ነው፣ ልብ በሉ! ሳህኑን አስቀምጣ እንዲህ አለችው፦ «ጋሼ፣ አይዘኑ። እርስዎ ያለዎትን ሁሉ ሰጥተዋል። የእኔ ዕድል ነው። እኔ እጄን የሰደድኩበት ነገር መቼም አይበረክት።»

ወገኖቼ፣ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ድንቹን ሳይቀምሰው አደረ።

በማግስቱ መንደሩን ጠራ። «ደግሞ ለምን?» ሲሉት «ኑ ብቻ» አለ። ሁሉም ሲሰበሰቡ አፈሩን በዶማ ገለጠው። አሚቾው ታየ፤ መሃል ላይ እምብርቱ እንዳለ ተቀምጧል፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

«እምብርቱን አላወጣሁትም ነበር» አለ። «ጀርባዬን ሰጥቻችሁ ለራሴ አስቀረሁት። የጥሩነሽ እንሰት መካን አይደለም። አያለች፣ ያንቺ ዕድል አይደለም። እኔ ነኝ።»

አንዱ ጎልማሳ የሚናገር መስሎ ነበር፤ አቶ ላምቤቦ በከዘራው ጉልበቱን ነካ አደረገና ዝም አሰኘው። ከዚያም «ኤርሲዶ፣» አለ፣ «እዚህ ካለን ወንዶች መሃል እምብርቱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆም ያላለ የለም። እንዲህ ብሎ የተናገረ ግን አላየሁም። በል ቢላዋውን ያዝ።»

በዚህኛው ጊዜ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ተንበረከከ። ያን የሚያምር ቡቃያ ከነእምብርቱ ፈልፍሎ አወጣው፣ ከፍ አድርጎ አሳያቸው፣ ለበግ ጣለው። በዚህ ቀን እልልታም አልነበረ፣ ለቅሶም አልነበረ።

ክረምቱ ወረደ። አንድ ጠዋት አያለች ከአጥሩ ወዲያ ሆና «ጋሼ! ጋሼ! ቶሎ ይውጡ!» ብላ ጮኸች። እሱም በባዶ እግሩ ሮጠ። ምድሩ ክብ ሠርቶ ተሰነጣጥቋል፤ ከየስንጥቁ አረንጓዴ ጫፍ ወጥቷል። መቁጠር ጀመሩ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ጀመሩ። ሃምሳ ሦስት። ከአንዱ ሃምሳ ሦስት! እነሱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የሰማ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

ቡቃያዎቹ ለመነቀል ሲደርሱ ማካፈሉ ከአያለች ተጀመረ፤ አምስት ወሰደች። ለየቤቱ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ተሰጠ። ሽማግሌው «ለራስህስ?» ቢለው «ከዳር ያለችውን ቀጫጫ ተዉልኝ፣ እኔ አሳድጋታለሁ» አለ።

ዓመታት አለፉ። ከከተማ የግብርና ባለሙያ በሽታ ያልደፈረው እንሰት አለ ሲባል ሰምቶ መጣ። «አባት፣ የእርስዎ እንሰት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ኤርሲዶ ከበርጩማው ተነሳ። ከዘራውን ወደ ላይ ሰፈር አነሳ፣ ቀስ ብሎ ዞረ፣ በታች ሰፈር በኩል አድርጎ እስከ ወንዙ ድረስ አዞረው። በየጓሮው ቅጠሉ ይውለበለባል። «ያ ሁሉ» አለ። «ዓይነቱ ምን ይባላል?» አለ ባለሙያው። ጋሽ ኤርሲዶ በመንገድ የምታልፈውን አንዲት ሴት ጠርቶ «ንገሪው እስቲ፣ ይሄ እንሰት ማን ይባላል?» አላት።

«ጥሩነሽ ነዋ!» አለች ሴቲቱ፣ እንዴት አታውቁም በሚል ድምፅ። ጥሩነሽን በሕይወት አላየቻትም።

ኩራት ማለት ይሄ ነው! በዚህ ሰው እኔም እኮራለሁ፤ እናንተም ኩሩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ ሰጪዎች ናችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ስትቆርጡ አይቻለሁ፣ እልል ብዬላችኋለሁ። ግን እምብርቱን የት አደረጋችሁት? አንቺ እናት፣ ቤቱን ለልጅሽ ሚስት አስረከብሽ፤ የጓዳው ቁልፍ ግን መቀነትሽ ላይ ምን ያደርጋል? አንተ አናጢ፣ ሦስት ልጅ አስተምረሃል፤ ደረጃ የሚሠራበትን ልኬት ግን ለብቻህ በር ዘግተህ የምትለካው ለምንድን ነው? እናንተ የመዘምራን አለቆች፣ «ተተኪ የለንም» እያላችሁ ዓመት በዓመት ታለቅሳላችሁ። ተተኪ ጠፍቶ ነው? ወይስ መሃሉ አልወጣም? ቡቃያዎቹ እኮ እዚያው ዙሪያውን ተኝተው እየጠበቁ ነው!

እኔስ? ይህን መድረክ ሃያ ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ። ወንድም ሃንዳሞን አስተምሬዋለሁ፤ የረቡዕን ጸሎት ሰጥቼዋለሁ፣ የቅዳሜን የወጣቶች ጉባኤ ሰጥቼዋለሁ። የእሑዱን ስብከት ግን አልሰጠሁትም። ሁልጊዜ «ገና ነው» እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ገና ነው» ብያለሁ። ገና የነበረው እሱ አይደለም፣ ወገኖቼ። እኔ ነኝ።

ወንድም ሃንዳሞ፣ ወዲያና ወዲህ አትመልከት፤ አንተን ነው። ና ውጣ። የዛሬውን ስብከት ከዚህ ላይ አንተ ትጨርሰዋለህ። እኔ ወርጄ ፊት ለፊት እቀመጥና ልኩራብህ።