አምስቱ እንስት አህዮችና የስንብቱ ደብዳቤ

አንድ ጊዜ፣ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ ለእንስሳቱ ሁሉ ከሩቅ ወንዝ ውኃ የሚያመላልሱ አሥራ አንድ አህዮች ነበሩ። ስድስቱ ወንዶች፣ አምስቱ እንስቶች ናቸው። አለቃቸው አያ ጅቦ፣ ጸሐፊው ደግሞ ቀበሮ ነበር።

ክረምት ገብቶ ኩሬዎቹ ሲሞሉ ሥራ ቀንሷል ተባለ። አያ ጅቦ አምስት ሠራተኞች እንዲሰናበቱ አዘዘ፤ ቀበሮ ደብዳቤውን ጻፈ። ጠዋት ስም ሲነበብ የተሰናበቱት አምስቱም እንስቶች ሆነው ተገኙ።

ከእነርሱ አንዷ ዳለቻ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ አንዲት እንስራ እንኳ ሰብራ አታውቅም። በቅርቡ ወልዳ ውርንጭላዋን ታጠባለች።

«አያ ጅቦ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለች።

«ምንም አላጠፋሽም፤ ሥራ ስለቀነሰ ጠንካሮቹን ብቻ ነው ያስቀረነው» ሲል ቀበሮ ቀድሞ መለሰ።

ዳለቻ የቀሩትን ዞር ብላ አየች። አንዱ የኋላ እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ ነው። ሌላው ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው ነው፤ መንገዱን ያሳየችው እርሷ ራሷ ናት።

ቀበሮ ጠጋ ብሎ፣ «እኅቴ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ኮቴሽን አትሚና አንድ ሸክም ድርቆሽ ውሰጂ» አላት።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«‹በስንብቱ ተስማምቻለሁ፣ አልከስም› ይላል። ተራ ነገር ነው።»

«ተራ ነገር ከሆነ ለምን ፈለግኸው?» ብላው ሳታትም ሄደች።

በቀጥታ ያመራችው ለብዙ ዘመን በአንበሳ ችሎት ወዳገለገለችው ወደ እማማ ኤሊ ነበር። ኤሊ አዳምጣት ስትጨርስ እንዲህ አለቻት፦ «ሥራ ሲቀንስ ሠራተኛ መቀነስ አልተከለከለም። እንስት ስለሆንሽ ለይቶ ማስወጣት ግን ክልክል ነው። ለምን እንደተመረጥሽ ጅቡን በጽሑፍ ጠይቂው። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ፣ ስንት ዘመን ሠራ የሚለውን ሁሉ መዝግበሽ ያዢ። ጓደኞችሽንም ሰብስቢ። ከዚያ የሠራተኞችን ጉዳይ የሚያየው ዝሆን ከጅቡ ጋር እንዲያነጋግራችሁ ታመለክቻለሽ፤ ካልሆነ ችሎት ትከሻለሽ። ብቻ አትዘግዪ፤ ቀኑ ካለፈ የሚሰማሽ የለም።»

«እማማ፣ ጅብ ፊት ቆሜ መከራከር እፈራለሁ።»

«እየፈራሽም ቢሆን ቁሚ።»

ዳለቻ በጽሑፍ ጠየቀች፤ ጅቡ አልመለሰም። ዝሆን ጠራው፤ አልመጣም። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት ሁለት አዳዲስ ወንድ አህዮች ቀጠረ። ይህን ጊዜ አምስቱ እንስቶች አብረው ከሰሱ።

በችሎቱ ቀን አንበሳ፣ «በምን መለኪያ መረጥህ?» ሲል ጅቡን ጠየቀው።

«በጥንካሬ ነው፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ።

«አንተን አልጠየቅሁም። ጅቦ፣ ያ የሚያነክሰው ሽማግሌ ከዳለቻ ይበረታል?»

«ኧረ አይበረታም» አለ ጅቡ።

«ታዲያ ለምን ቀረ?»

ቀበሮ እግሩን ረገጠው፤ ጅቡ ግን አልገባውም። «እርሱ አይወልድማ፣ ጌታዬ። እነዚህ ያረግዛሉ፤ ሲወልዱ ደግሞ ውርንጭላ እስኪጠባ ተብሎ መንገድ ላይ ይቆማል።»

ዳለቻ እየፈራችም ቢሆን ተነሣች።

«ጌታዬ፣ አርግዤም ዳገቱን በሸክም ወጥቻለሁ። በወለድኩ በሳምንቴ ተመልሻለሁ። ያመጣሁትን ውኃ ጠጥቶ ያደረ አለቃዬ ዛሬ መውለዴን እንደ ጥፋት ይቆጥርብኛል። አያ ጅቦንስ ማን ወለደው?»

አንበሳም ፈረደ፦ «ሥራ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ አዲስ ሠራተኛ ባልተቀጠረ። ደብዳቤው ተሽሯል፤ አምስቱም ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ጅቡና ቀበሮው ከኃላፊነታቸው ይነሡ።»

በማግስቱ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ሽማግሌው አህያ ከዳለቻ ጎን እያነከሰ ይሄድ ነበር። ብዙ ከተጓዙ በኋላ፣ «ስማችሁ ሲነበብ ዝም በማለቴ አፍሬያለሁ» አላት።

«ሁለተኛ ዝም እንዳይሉ፣ አባባ» አለችው፤ መንገዷንም ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ከሥራ የተባረረች ሁሉ ማስረጃዋን ይዛ በጊዜው ወደ ሕግ ብትሄድ፣ በደሉን ያየም ዝም ባይል፣ ግፈኛ አለቃ «ሥራ ቀንሷል» በሚል ሰበብ ሊሸሸግ እንደማይችል ነው።