አያ ጓንጉልና ያልዞረው ፊት

እዚያ ማዶ የምታዩት ዋርካ ገና ከጉልበት ሳያልፍ፣ የአያቶቻችን አያቶች ጥርስ ሳያወጡ፣ እዚሁ ጎሽ ሜዳ አያ ጓንጉል የሚባል ሥዕል ነጋዴ ነበር። ነጋዴ አልኳችሁ እንጂ ሀብቱ አንድ አህያና አንድ ስልቻ ነበር። እሱ ራሱ መስመር እንኳ ቀጥ አድርጎ መሳል አይችልም። ግን ዓይን ነበረው። ጥሩ ሥዕል ሲያይ እህል ውሃ ይረሳል።

ጎረቤቱ አለቃ ክንፉ ሰዓሊ ነበሩ። እንደሳቸው የሚስል አልነበረም፤ የሚገዛቸውም አልነበረም። አንድ ቀን አያ ጓንጉል ቤታቸው ቢሄድ ቀለማቸውን ሊደፉ አንስተው አገኛቸው።

«በቃኝ ጓንጉል፤ ከነገ ጀምሮ ከሰው ደጅ እለምናለሁ» አሉ።

አያ ጓንጉል እጃቸውን ለቀም አደረገ። «በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ አይድፉት! ገዢውን እኔ አመጣለሁ» አለ። ይህችው ቃል ዕድሜውን ሙሉ አስኬደችው።

የመጀመሪያው ፈተና ገበያ ነበር። አህያውን ጭኖ ወረደ። «ሥዕል ይበላል? ሥዕል ይለበሳል?» እያሉ ሳቁበት። አንድ ቅዳሜ ዋለ፣ አልሸጠም። ሁለት ቅዳሜ ዋለ፣ አልሸጠም። በሦስተኛው ባሏ የሞተባት አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣችና ከአንዱ ሥዕል ፊት ቆማ ቀረች። የምትከፍለው የላትም።

«ውሰጂው እቴ» አላት። «ሥዕል እንግዳ ነው። ሳምንት ቤትሽ ይሰንብት። ካልለመድሽው መጥቼ እወስደዋለሁ።»

በሳምንቱ ቢሄድ ሴትዮዋ ደጃፉን ዘግታ ቆማለች። «ወይ ፍንክች!» አለችውና ሁለት ትልልቅ ጋን አስጫነችው። ጋኖቹን በጤፍ ለወጠ፣ ጤፉን ለአለቃ አደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሳያሳድር ከእሱ ሥዕል የገዛ ሰው የለም።

ሁለተኛው ፈተና መጣ። አንድ ሀብታም ነጋዴ ሥዕሎቹን አየና ምራቁን ዋጠ። «ጭስ ላይ ስቀላቸው። ሲጠቁሩ ‹የጥንት ናቸው፣ ሰዓሊው ከሞተ መቶ ዓመቱ› በል። ያቺን በቅሎ ከነኮርቻዋ እሰጥሃለሁ» አለው። አያ ጓንጉል በቅሎዋን አያት። አልዋሻችሁም፣ ወደዳት! እግሩ በመንገድ ቆስሎ ነበራ። ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ሞቱ ያልካቸው ሰው ዛሬ ቁርሳቸውን በልተዋል። በቁም ያለ ሰው አልቀብርም» አለና አህያውን እየነዳ ሄደ። በደረሰበት ሁሉ «የጎሽ ሜዳው የአለቃ ክንፉ እጅ ነው» እያለ ሸጠ።

ያ ስም ዞሮ ዞሮ ከአገሩ ገዢ ከፊታውራሪ ይግረም ጆሮ ደረሰ። ሦስተኛው ፈተና ይኸው ነው። «እኔን በፈረሴ ላይ ሆኜ ይሳሉኝ» ብለው ላኩ። አለቃ ሳሉ። አያ ጓንጉል፣ የዋህ፣ በደስታ ሳያየው እንደተጠቀለለ ይዞ ገሰገሰና ግብር ላይ በሰው ፊት ፈታው።

ወዮ! ፊታውራሪ ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ባንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው።

«የሰዓሊው እጅ ይቆረጥ!» አሉ ፊታውራሪ።

አያ ጓንጉል ቃሉን አሰበና ተነሣ። «ጌታዬ፣ አለቃ ያላዩትን አይስሉም። እርስዎን ያዩዎት አንድ ቀን፣ በደጃችን ሲያልፉ ነው። እኔም ከጎናቸው ነበርኩ። መሬት ወድቀን እጅ ነሣን፤ ፊትዎን አላዞሩልንም። ሁለተኛውን ዓይን ከየት ያምጡት? የእኔ ሥዕል ሳምንት ያድራል። ሳምንት ያሳድሩት። ከዚያ ካልለመዱት፣ ከሳቸው እጅ በፊት የእኔን አንገት ይውሰዱ።»

ፊታውራሪ ሥዕሉን ከአልጋቸው ፊት ለፊት አሰቀሉት። ስድስት ቀን ተያዩ።

በሰባተኛው ቀን ጎሽ ሜዳ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አለቃ እቤታቸው እጃቸውን በጋቢያቸው ሸሽገው ጠበቁ። አያ ጓንጉል ከፊታቸው ቆመ። ፊታውራሪ ከፈረሳቸው ወረዱ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ፣ መደቡ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እንግዲህ እዩኝ፣ አለቃ» አሉ።

አለቃ እጃቸውን አውጥተው ቀለሙን በጠበጡ።

አያ ጓንጉል አርጅቶ ሞተ፤ ያ ቀለም ግን እሱ በቆመበት ዘመን ሁሉ አልተደፋም። ይኸው ዛሬም በጎሽ ሜዳ ሥዕል ሳምንት ሳያድር አይሸጥም። ሰላም ሳይል የሚያልፍ ኩሩ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሕፃኑም ሽማግሌውም «ኧረ ዙርልን! ጓንጉል ባንድ ዓይን እንዳያስቀርህ!» ይለዋል። ሰውየውም ይዞራል።